ከቁሓ የኋሊት

ደመላሽ የመኪናውን ጎማ ለመቀየር ያሰበው ጎማው ስለደከመ አልነበረም። የትምወርቅ ስለሳቀችበት ነው።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ይህ ደመላሽ የሚባል የተጉለት ሰው ከመቐለ ቁሓ፣ ከቁሓ መቐለ ሰው የሚያመላልስባት አንዲት ጥቁር ባሊላ ነበረችው። መኪናዋ የተሠራችው ለአራት ሰው ነው፤ የገበያ ቀን ግን ሰባት ይገባባታል፣ ስምንተኛው ደረጃዋ ላይ ይንጠለጠላል። ጎማዋን የሚሸከመው ቸርኬ ድፍን ብረት ነው፤ ጌጥ የሚባል ነገር በአጠገቡ አላለፈም። አንድ እሑድ ደመላሽ የፍርድ ቤቱን ጸሐፊ አቶ ወልደአማኑኤልን ከነቤተሰባቸው ወደ ቁሓ ሲመልስ፣ ልጃቸው የትምወርቅ ከመኪናዋ ወረደችና ጎማውን አየት አድርጋ «ይኼ ነገር የድስት ክዳን አይመስልም?» ብላ ከት ብላ ሳቀች። ደመላሽ በአንድ አፍታ ሁለት ነገር አገኘው፤ በመኪናው አፈረ፣ ልጅቷን ወደደ።

«ሽማግሌ እልካለሁ» አለ ማታውን ለጎረቤቱ ለአብዱሰመድ።

አብዱሰመድ የወሎ ሰው ነው፤ ጨው ይነግዳል። አንደበቱ ለሽማግሌነት የተፈጠረ በመሆኑ በሰፈሩ የተጣላ ባልና ሚስት ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የሱን በር ነው። ደመላሽ በመቐለ አንድም የሥጋ ዘመድ የለውም። ወባ የጣለው ጊዜ ያስታመመው አብዱሰመድ ነው፤ ሾርባ እያመላለሰች ያዳነችው የአብዱሰመድ ሚስት ዘሃራ ናት። ስለዚህ ከፊት ሆኖ የሚናገርለት ከሱ ሌላ ሰው ሊኖር አይችልም።

«አብሽር» አለው አብዱሰመድ። «ልጅቷን አመጣልሃለሁ። አንተ ብቻ ከጥፍርህ ላይ ግራሶውን አስለቅቅ።»

ደመላሽ ግን ጥፍር ማጽዳቱ አልበቃውም። ከሱ በፊት አንድ የእህል ነጋዴ ለዚያው ቤት ሽማግሌ ሲልክ በቅሎዎቹ በሙሉ ተሸልመው፣ መጣምራቸው እያብለጨለጨ ነበር አሉ። አቶ ወልደአማኑኤል «እናስብበት» ብለው ቢመልሷቸውም ስለ በቅሎዎቹ ግን እስካሁን ያወራሉ። እንግዲህ የተሸለመ በቅሎ ባየ ደጅ ላይ በድስት ክዳን ተንከባሎ መቅረብ ለደመላሽ ሞት መሰለው።

በቁሓ አውሮፕላን ማረፊያ ዳር አንዲት የእሽቅድምድም ባሊላ በጎኗ ወድቃ ነበር። ሞተሯ ተቃጥሏል፣ ወንበሯን ማን እንደወሰደው አይታወቅም፤ ጎማዎቿ ግን ሲያዩአቸው ያስጎመጃሉ። ቸርኬያቸው እንደ ብስክሌት በቀጫጭን ራጂ የተሸመነ ነው፤ መሀላቸው ላይ ሁለት ክንፍ ያለው ትልቅ ዳዶ ተቀምጧል። ተራዋ ባሊላ ጎማዋ በብሎኖች ይታሰራል። የእሽቅድምድሟ ግን በዚያ በአንድ ባለ ክንፍ ዳዶ ብቻ ነው፤ ክንፉን በመዶሻ መታ መታ ያደርጉና ይጠብቃል፣ በሌላው በኩል መታ መታ ያደርጉና ይፈታል። ደመላሽ የወደቀውን ብረት ከገዛው ሰው ላይ ጎማዎቹን በአሮጌ ባትሪ ለወጠ።

ጎማው ብቻውን ተራዋ ላይ አይገባም። ጎማውን የሚሸከመው፣ ሞዞ የሚሉት የመሀል ብረትም አብሮ መዛወር አለበት። ሁለቱ ጎረቤታሞች ይህን ሲፈቱና ሲገጥሙ ሰነበቱ። ደመላሽ ይፈታል፤ አብዱሰመድ የራሱን መዶሻ ይዞ ይመታል። በመሀል አብዱሰመድ አንድ ነገር አስተዋለ።

«ይኼኛው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው የሚጠብቀው» አለ። «ያኛው ደግሞ ወደ ግራ። ለምን እንደሆነ እንጃ። ፈረንጅ ግን ያለ ነገር አይለያየውም። በግራ የነበረው በግራ፣ በቀኝ የነበረው በቀኝ ይግባ።»

«እሺ» አለ ደመላሽ። በግራ የነበረው በግራ፣ በቀኝ የነበረው በቀኝ ገባ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔም የምተርከው አልነበረኝም።

አብዱሰመድ ለጨው ወደ ገበያ በወጣበት ቀን ደመላሽ ብቻውን ቆሞ መኪናውን ሲያደንቅ አንድ ጉድለት ታየው። የእሽቅድምድሟ ባሊላ በቀኝ ጎኗ ጭቃ ላይ ተኝታ ስለኖረች የቀኙ ራጂ ዝጓል፤ የግራው ግን ያበራል። አሁን አስቡት፤ ወደ አቶ ወልደአማኑኤል ቤት የሚያስገባው ጠባብ መንገድ መኪናን የሚያቆመው ቀኝ ጎኗን ለደጁ ሰጥታ ነው። የልጅቷ አባት፣ የልጅቷ እናት፣ ልጅቷም የሚያዩት ያን የዛገውን ነው! በቅሎ የሚሸልም ሰው ሽልማቱን በማይታየው ጎን ያደርጋል? ደመላሽ ክሪኩን አመጣና የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ከነሞዞው ከነዳዶው አዛወረው። ለአብዱሰመድ አልነገረውም፤ ለጌጥ ብዬ ነው ማለቱ አሳፈረው። ከዚያም እጁን ታጠበና ነገሩን ረሳው።

በማግስቱ ከቁሓ ሰው ጭኖ ሲመለስ ጎማው ተንቋቋ። ወርዶ ቢያይ የፊቱ ዳዶ ላልቷል። ከአብዱሰመድ በተዋሰው መዶሻ አጥብቆ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ የኋላው ላላ። እሱንም አጠበቀ። ጠዋት ሲነሳ ሁሉንም ቀጥቅጦ፣ እጁ እስኪዝል ቀጥቅጦ ወጣ፤ ዳዶዎቹ ግን እንዳስለመዱት ላሉ። ደመላሽ ግራ ገባው። ዳዶ እግር የለው፣ ምን ብሎ ወጥቶ ይሄዳል? ሌላ ሰው ቢያየው ብሎ ለመካኒክ አሳየ፤ መካኒኩም አጠበቀለትና «ምንም የለው» አለው። ምንም የሌለው ዳዶ እንዳ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሳይደርስ ላላ። ጠበል አምጥቶ ጎማዎቹን ረጫቸው። ጠበሉ የዛገውን ይባስ አዛገው እንጂ ዳዶውን አላጠበቀውም።

ሰው ምክንያት ሲያጣ ሰው ይፈልጋል። ደመላሽም ማታ ማታ አልጋው ላይ ተንጋሎ ማሰብ ጀመረ። መኪናዋ የምታድረው ሁለቱ ከሚኖሩበት ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው በሌሊት ይቆለፋል። መዶሻው የአብዱሰመድ ነው፤ ሌሊትም የሚያድረው እሱ ዘንድ ነው። አብዱሰመድ ደግሞ በቀደም ዕለት «አንተ ካገባህማ ከማን ጋር አመሻለሁ?» ብሎ አልነበር? ቀልድ ነበር፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ስቀዋል። አሁን ግን ያ ቀልድ ጥርስ አወጣ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሉት ይህን ነው።

ሽማግሌዎቹ ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ደመላሽ አብዱሰመድን ደጁ ላይ አገኘው።

«አብዱ፣ ይኼ ዳዶ ያለ መዶሻ አይፈታም አይደል?»

«አይፈታም።»

«መዶሻው ያንተ ነው።»

«የኔ ነው» አለና አብዱሰመድ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ።

«ታዲያ ማን ፈታው?»

አብዱሰመድ ፈገግታውን እንደያዘ የደመላሽን ፊት አየ። ፊቱ ላይ ቀልድ የለም። ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

«እኔ?» አለ።

ደመላሽ «አይደለም» ማለት ይችል ነበር። ዝም አለ።

አብዱሰመድ ወደ ቤቱ ገብቶ መዶሻውን ይዞ ወጣና በእጁ አስጨበጠው። «እንካ። ነገ ለልጅቷ አባት የሰጠሁትን ቃል እፈጽማለሁ፤ እመጣለሁ ብዬ ልኬባቸዋለሁ፣ አልቀርም። ከቁሓ ስንመለስ ግን አንተ በደጅህ፣ እኔ በደጄ።»

ደመላሽ መዶሻውን ማንም እንዳይነካው ብሎ ከአልጋው ሥር ደበቀው። ሌሊቱን ሙሉ ልቡ ሁለት ሆኖበት አደረ፤ አንዱ ልቡ «አግኝተኸዋል» ይለዋል፣ ሌላው «ምን አደረግህ?» ይለዋል።

በማግስቱ ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው ባሊላዋ ውስጥ ገቡ። ከፊት የግቢው ባለቤት ኣቦይ ገብረሕይወት፣ ከኋላ የደመላሽ የንስሐ አባት መምሬ ፈንታሁንና አብዱሰመድ። አማች ልሁን ባዩ ከሽማግሌ ጋር መሄዱ ነውር ነው፤ ነገር ግን ከደመላሽ በቀር መኪናዋን የሚነዳ የለም። ስለዚህ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፋና «ሹፌሩ» ሆነ። ሁሉም እንዳላወቀው ሊሆን ተስማማ።

ግማሽ መንገድ ላይ ጎማው ተንቋቋ። ደመላሽ ዘሎ ወረደና እጁን ለመዶሻው ዘረጋ። መዶሻው ከአልጋው ሥር ነው! ድንጋይ አንስቶ ዳዶውን ቢመታው አንደኛው ክንፍ ቀንጠስ ብሎ ወደቀ።

«ዝወደይ፣ እንታይ ኣለካ? ማኪናኻ ሓሚማ ድያ?» አሉ ኣቦይ ገብረሕይወት በመስኮት ብቅ ብለው። «ታማ ከሆነች በእግር እንሂድ፣ እኔ ጉልበት አለኝ።»

«ደህና ናት ኣቦይ» አለ ደመላሽ። አብዱሰመድ ከኋላ ተቀምጦ ድንጋዩን አየ፣ የደመላሽን ባዶ እጅ አየ፣ መዶሻውን ደብቆት እንደመጣም ገባው። ቁሓ የደረሱት እየተንፏቀቁ ነው።

ቤቱ ደጅ ላይ መኪናዋ እንደታሰበው የሚያበራውን ጎኗን ሰጥታ ቆመች። ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ «ሹፌሩ» ከውጭ ቀረ። ጥቂት ቆይቶ የትምወርቅ በብርጭቆ ውሃ ይዛ ወጣች፤ ለማያውቁት ሹፌር ውሃ መስጠት ነውር የለውም።

«ጎማዎቹ ያምራሉ» አለች ወደ መሬት እያየች። «ግን ስትመጡ ለምን ይንቀጠቀጣሉ?»

«እንጃ» አለ ደመላሽ። ከልቡ ነበር።

«እኔስ የድስት ክዳኖቹን ለምጃቸው ነበር» አለችና ብርጭቆውን ተቀብላው ገባች። ደመላሽ ያን ሁሉ የለፋው በማን ሳቅ እንደሆነ አስቦ ይባስ ግራ ተጋባ።

በሩ ክፍት ስለነበር የውስጡ ነገር ይሰማል። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆመዋል። አብዱሰመድ ተናገረ፤ የአቶ ወልደአማኑኤልን ዘር አከበረ፣ ቤታቸውን መረቀ፣ ልጃቸውን ለልጃችን ብሎ ለመነ። ከዚያ የአባትየው ድምፅ ተሰማ።

«ልጁ ታታሪ ነው ይባላል። ግን ዘመድ የለውም። ነገ ልጄን ቢበድላት ማንን እጠይቃለሁ?»

ደመላሽ ወደ በሩ ተጠጋ። እዚያ ውስጥ የቆመው ትናንት ተንኮለኛ ያደረገው ሰው ነው፤ አንዲት ቃል ቢያጓድል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጉሮሮውን ጠረግ ቢያደርግ፣ ነገሩ ያከትማል።

«እኔን» አለ አብዱሰመድ። «እኔን ይጠይቁኛል። ጨው ጭኜ ስመጣ ጎርፍ ይዞኝ ሰው ሁሉ ዳር ቆሞ ሲያይ፣ ውሃው ውስጥ የገባልኝ እሱ ነው። ሰው ነውና ይሳሳታል። ሲሳሳትም አይቻለሁ። ክፋት ግን የለበትም። ዘመዱ እኔ ነኝ።»

ደመላሽ ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። እንደዚያ ያለ ሐፍረት በሕይወቱ ተሰምቶት አያውቅም። እሱ ሰውየውን እየጠረጠረ ነው፤ ሰውየው ደግሞ ስለሱ እየማለ ነው። ማን ነው እንግዲህ ዳዶውን የሚፈታው?

«እንግዲያው ልጄን የምሰጠው ለእርስዎ ቃል ነው» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል። «የሠርጉ ዕለት ሙሽራውን እርስዎ ራስዎ ይዘውት ይምጡ። እርስዎ ከሌሉ ደጄ አይከፈትም። ተቀመጡ።»

«ኢንሻአላህ» አለ አብዱሰመድ። የቤቱ ሰው ሁሉ እሺታ መሰለው። ደመላሽ ብቻ ሌላ ነገር ሰማበት።

ሲወጡ ቤተሰቡ ሁሉ ሊሸኝ ደጅ ወጣ። መንገዱ መኪና ለማዞር አይበቃም፤ ደመላሽ የኋላ ማርሽ አስገብቶ እስከ ዋናው መንገድ የኋሊት መጓዝ ጀመረ። አቶ ወልደአማኑኤል ይህን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«አያችሁ ወይ ጨዋነት!» አሉ። «ከትልቅ ሰው ፊት ጀርባውን ሰጥቶ የሚወጣ ባለጌ ነው፤ ይቺ መኪና እንኳ ፊቷን እንደሰጠችን ነው የምትወጣው!» ወይዘሮ ሸዋወርቅ፣ ሚስታቸው፣ እልል አሉ። ያ የእህል ነጋዴ በቅሎዎቹን ሁሉ ቢሸልምም የኋሊት አልነዳቸውም።

ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ ደመላሽ ጎማው ሳይወድቅ ዳዶውን ልየው ብሎ ወረደ። ዳዶው ጥብቅ ብሏል። ክንፉ የተቀነጠሰው ሳይቀር፣ ማንም ሳይነካው! ዓይኑን አሸት አደረገ። ወደፊት ነዳ፤ ትንሽ ሄዶ ተንቋቋ። የኋሊት መለሰ፤ ዝም አለ። እንደገና ወደፊት፤ ተንቋቋ። እንደገና የኋሊት፤ ዝም።

«ልጄ፣ ምንድነው ወዲያ ወዲህ?» አሉ መምሬ ፈንታሁን። «ማኅሌት ላይ ነን እንዴ?»

ደመላሽ እጁን መሪው ላይ ጥሎ ቆሞ ቀረ። ወደፊት ሲሄድ የሚፈታ፣ የኋሊት ሲሄድ የሚጠብቅ ዳዶ። በግራ የነበረው በግራ፣ በቀኝ የነበረው በቀኝ ይግባ። ፈረንጅ ያለ ነገር አይለያየውም። ዳዶውን ሲፈታ የከረመው የራሷ የጎማዋ መዞር ነው፤ ጎማዎቹን ያገለባበጠው ደግሞ እሱ ነው፣ በገዛ እጁ፣ ለጌጥ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አሁን ነው የገባው።

መዶሻ የለም። ክንፉ ተሰብሯል። ወደፊት ከተነዳ ጎማው ቁልቁለቱ ላይ ጥሏቸው ይሄዳል። ስለዚህ ደመላሽ የቀረውን ብቸኛ መንገድ ያዘ፤ የባሊላዋን ቂጥ ወደ መቐለ አዞረና የኋሊት ነዳ።

የኋሊት የሚነዳ ሰው ወደ ኋላ ማየት አለበት። ኋላ ደግሞ አብዱሰመድ ተቀምጧል። ደመላሽ አንገቱን ባጠማዘዘ ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው የኋላውን መስኮት ሳይሆን የአብዱሰመድን ፊት ነው። ዓይኑን ልሽሽ ቢል መንገዱ ይጠፋዋል፤ መንገዱን ልይ ቢል ያ ፊት አለ። አብዱሰመድም ፊቱን አላዞረም። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ እየቆመ ያያቸዋል፤ ግመል የሚነዳ አንድ ሰው ግመሎቹን አቁሞ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«አብዱ» አለ ደመላሽ በመጨረሻ። «አንተ ገበያ በወጣህበት ቀን ጎማዎቹን ያገለባበጥኳቸው እኔ ነኝ። የሚያበራው ለደጁ እንዲታይ ብዬ። ዳዶውን የፈታው ማንም አይደለም፣ እኔ ነኝ። አንተን... አንተን ያልሁህ...»

እንባው መጣና መንገዱንም ፊቱንም አንድ ላይ አደበዘዘበት።

«ምን አለ?» አሉ መምሬ ፈንታሁን።

«ስቕ በሉ መምሬ» አሉ ኣቦይ ገብረሕይወት። «ይናገር።»

ቁልቁለቱ ጀመረ። የመኪናዋ የኋላ ጎማ የመንገዱን ጠርዝ ረግጦ ጠጠሩን ወደ ገደሉ ናደው፤ መምሬ ፈንታሁን በስመ አብ አሉ። ያን ጊዜ አብዱሰመድ ተንፈስ አለና መስኮቱን ከከለለበት ቦታ ፈቀቅ ብሎ አንገቱን በጎን በኩል ወደ ውጭ አወጣ።

«ገደል ልትከተን ነው እንዴ! ወደ ግራ ያዝ!»

«ያንተ ግራ ነው የኔ ግራ?» አለ ደመላሽ፤ ከእውነት ጠፍቶት።

አብዱሰመድ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አቃተው።

«የኔ ግራ» አለ። «ያንተን ግራማ አየነው። የሠርግህ ዕለትም የምመራህ እኔ ነኝ፤ መኪናዋን ግን በድስት ክዳኗ አምጣት።»

ደመላሽ በእጀታው ዓይኑን ጠረገና መሪውን ወደ አብዱሰመድ ግራ አዞረ።